ሦስተኛው ምት

ሥራ የለቀቅኩት ጉልበቴ ስለከዳኝ አይደለም። ጉልበቴ ዛሬም ክሪክ ተሸክሞ ግቢውን ይዞራል። የከዳኝ ጆሮዬ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ሐይቅ ከተማ በምንሠራበት ጋራዥ፣ የአንድ ገልባጭ መኪና ኦይል ሲል እየመታሁ ነበር። ሦስተኛውን ምት ስመታ አጠገቤ ሲበይድ የነበረው ባልደረባዬ ጭንብሉን ከፍ አድርጎ "ገባ" አለኝ። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። መዶሻዬን አስቀመጥኩ፣ እጄን በናፍጣ ታጠብኩ፣ ለጋራዡ ባለቤትም በቃኝ አልኩት። የጡረታው ወረቀት ከደሴ ሦስት ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ አንዴ የአያቴ ስም ተሳስቶ፣ አንዴ ፎቶዬ ደብዝዞ፣ ሦስተኛውን እንኳ ምክንያቱን የነገረኝ የለም።

እነሆ አሁን ቤቴ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ትከፍትልኛለች። ሥራ ፈት ስሆን የሚመጣብኝ ሐሳብ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ።

ኦይል ሲል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። የከባድ መኪና የፊት ጎማ የሚዞረው ዘይት ውስጥ በተነከሩ ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ዘይቱ ሾልኮ እንዳይወጣ የሚያግደው ከቡና ረከቦት ሰሐን የማይበልጥ ቀለበት አለ፤ ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ጎማ። እሱ ነው ኦይል ሲል። ጎማው በሚታሰርበት ትልቅ ብረት፣ እኛ ሞዞ በምንለው ውስጥ ተመትቶ ይገባል። ቀጥ ብሎ ከገባ ዓመታት ያገለግላል። የጥፍር ውፍረት ያህል ካዘመመ ግን ዘይቱ ያመልጥና የፍሬኑን ሸራ ያርሰዋል። አንዱ ጎማ መያዝ ሲያቅተው የእሱን ሸክም ሌሎቹ ይሸከማሉ፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ እነሱም ግለው ይጨሱና ይለቃሉ። የአምባሰልን መንገድ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ራሱ ያስበው።

ይህን ቀለበት ቀጥ አድርጎ ለማስገባት የተሠራ መሣሪያ አለ። ልኩ ከቀለበቱ ጋር አንድ የሆነ ወፍራም ክብ ብረት ነው። ቀለበቱን ዙሪያውን እኩል ይጫነዋል፣ መሐሉን በመዶሻ ትመታዋለህ፣ ማረፊያው ላይ ሲደርስ ይቆማል። በቃ ይኸው ነው። ሰው ግን ይህን ትቶ በእንጨት ይመታል፣ በቧንቧ ቁራጭ ይመታል፣ አንዱን አለቃዬን በካቻቪቴ ዙሪያውን ሲጎነትለው በዓይኔ አይቻለሁ።

አለቃ ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ነበሩኝ። ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ አጠገብ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ጎማ እየፈታሁ ነው። ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ ውጫሌ፣ መጨረሻ ሐይቅ። የወልድያው አለቃዬ ዘይት ሲፈስ አይበሳጭም፤ እኛ ስንቀመጥ ነበር የሚበሳጨው። የውጫሌው ደግሞ መኪና ሳይነካ መኪና የሚመረምር ሰው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ሆኖ በጣቱ እያመለከተ። ከእነዚህ ሁሉ ያስተማረኝ ግን አለቃ ያልነበረው የሐይቁ ጋሽ እንድሪስ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ሳገኘው ስድሳ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። አጭር፣ ጠቆር ያለ፣ ጢሙ በሒና የቀላ ሰው ነበር። ሲናገር ጮክ ይላል፤ ምክንያቱም አይሰማም። የካምፕ ኮምፕሬሰር ጆሮውን ከጨረሰው ቆይቷል። ታዲያ ይህ የማይሰማ ሰው ኦይል ሲል ሊመታ ሲል ግቢውን ሁሉ ዝም ያሰኝ ነበር። ሬዲዮ ይዘጋል። ብየዳ ይቆማል። በር ላይ ሞተር ያስነሣ ሹፌር ካለ አጥፋ ይባላል። አንድ ጊዜ ስኳር ድንች የምትሸጥ ሴት "ስኳር ድንች" ብላ ስትገባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አስቆማት፤ ሴትየዋ ሰው የሞተ መስሏት ቅርጫቷን አወረደች።

ከዚያ ሞዞውን ጠረጴዛ ላይ ያስተኛል፣ ቀለበቱን ያስቀምጣል፣ ክቡን ብረት ይደርብበታል። ግራ መዳፉን ሞዞው ላይ ይዘረጋል። ቢስሚላህ ይልና አንድ ይመታል። ሁለት ይመታል። ይቆማል። ዓይኑን ይጨፍናል።

ያ ጸጥታ ዛሬም ያስፈራኛል። ከሐይቁ የሚነሣው ጉም የግቢውን አጥር አልፎ በእግራችን መሐል ሲገባ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደሴት መሳይ ምድር በነጭ ተሸፍኖ ሳይታይ፣ አሥር ሰው መፍቻ በእጁ ይዞ አይተነፍስም። አንድ ሰው ሊገባ ነው፣ ከበር ነው ወይስ ከመሬት አላውቅም፣ ግን ሊገባ ነው የሚል ስሜት ይመጣብኝ ነበር። ከዚያ ጋሽ እንድሪስ ሦስተኛውን ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደንቆሮ ድምፅ ናቸው። ሦስተኛው ይጮሃል። ጥርት ያለ፣ ረጅም፣ ከጠረጴዛው እግር ወርዶ በጫማህ በኩል የሚወጣ ድምፅ። ጋሽ እንድሪስ ዓይኑን ይገልጥና "እሺ ብሏል" ይላል፤ ሬዲዮውም ይከፈታል።

ከሁለተኛው በኋላ ለምን እንደሚቆም አንድ ቀን ጠየቅኩት።

"መጀመሪያ እሱ ይስማህ" አለኝ። "ከዚያ አንተ ስማው። በሦስተኛው ካልመለሰልህ አትለማመጠው፤ አውጥተህ ጣለውና ሌላ አምጣ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ በምንዎ ነው የሚሰሙት?"

መዳፉን አሳየኝ። "ጆሮዬ ከሞተ ቆየ። ይኼ ነው የሚሰማው። አብሽር፣ የአንተም ቀን ይመጣል።"

የሞተ ጊዜ ብረቱን ለእኔ አስቀርቶልኝ ነበር። ልጁ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝና መልእክቱን ነገረኝ፤ ለሰው እንዳታውሰው ብሏል አለኝ። በጄ አልኩ። ከዚያ በኋላ እኔ ስመታ ማንንም ዝም በሉ ብዬ አላውቅም። ሁለተኛውን ስመታ ግቢው በራሱ ጊዜ ጸጥ ይል ነበር። አዲስ የተቀጠሩት እንኳ፣ ጋሽ እንድሪስን በዓይናቸው ያላዩት፣ መፍቻቸውን እንደያዙ ይቆሙ ነበር። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም።

አላዋስኩትም። ሰጠሁት እንጂ።

እንዲህ ነው የሆነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሎች ወደ ጋራዡ መጡ። መንደራቸው ከውጫሌ በላይ፣ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሁለቱ ጥምጥም አድርገዋል፣ አንዱ ማተብ አለው። የሚመሯቸው አባ ይመር የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። የትምህርት ቤታቸው ደወል ተሰንጥቋል፤ ከወዳደቀ ብረት መሐል ድምፅ ያለው እንድንሰጣቸው ነው የመጡት። ክምሩ ያውላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ውሰዱ አልናቸው።

አባ ይመር ድንጋይ አነሡና ብረቱን አንድ በአንድ ያንኳኩ ጀመር። የጎማ ቸርኬ ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባሌስትራ ያንኳኳሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የጠፋ ሰው ቤት ለቤት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ክምሩን ጨርሰው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ፤ እኔ ከመኪና ሥር ነበርኩ። ያንን ብረት ሲያንኳኩት ሰማሁ። ሬዲዮው ሲዘጋም ሰማሁ። ከመኪናው ሥር ስወጣ ግቢው በሙሉ ቆሞ ወደ ሽማግሌው ያያል።

"ይኼ ነው" አሉ አባ ይመር። "ይኼ ይጣራል።"

አፌን ልከፍት ስል ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። እንግዲህ እዚህ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ አፍህን ይዘህ ሌላ ነገር አታወራም። ዕድሜህን ያርዝመው አሉ፣ አሚን አልኩ። ልጆችህ ይባረኩ አሉ፣ አሚን አልኩ። ይህን የሰጠ እጅ አይጠር ሲሉም አሚን አልኩ። ሳልሰጥ አሚን ብዬ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲያ የሞተ ሰው አደራ ነው ብዬ ከእጃቸው ልቀማ? አፈርኩ። ለራሴም ምክንያት አበጀሁ፤ ያን ልክ የሚፈልጉት አሮጌ መኪናዎች ጥቂት ናቸው፣ ለእነሱ ሌላ ነገር አይጠፋም አልኩ። ጆንያውንም ጨምሬ ሰጠኋቸው።

ወር አልሞላም፤ መስከረም ገባ፣ ሁሴን መጣ።

ሁሴን የአሮጌ መኪና ሹፌር ነበር። ከጋሽ እንድሪስ ዘመን ጀምሮ ደንበኛችን ነው። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ መኪናውን "አሮጊቷ" እያለ የሚጠራ ሰው። ኦይል ሲል በሚመታበት ጊዜ ግን ቀልዱን ትቶ በሩ አጠገብ ያለችው አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥና መስጊድ እንደገባ ሰው ዝም ይላል። ያን ቀን ለግሸን ተሳላሚ የሚነግዱ ሰዎች ዱቄትና ጨው አስጭነውታል። የፊት ግራ ጎማው ዘይት ያንጠባጥባል። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ የፍሬኑን ሸራ ቀየርኩ፣ አዲሱን ኦይል ሲል በግራሶ አሸሁት። ከዚያ እጄን ወደ ጠረጴዛው ዳር ሰደድኩ። ብረቱ የለም።

አንድ ቀን ታገሠኝ ብለው ይታገሠኝ ነበር። በአውቶብስ ውጫሌ፣ ከዚያ በእግር፤ ብረቱን ለአንድ ቀን አውሱኝ ብል ሽማግሎቹ አይከለክሉኝም። ግን የመረቁኝን ሰዎች ደወላችሁን አውርዱልኝ ማለት ሞት ሆነብኝ። ለሁሴን ደግሞ የጋሽ እንድሪስን ብረት ሰጠሁት ማለት ከዚያ ባሰ። ስለዚህ ጠፍጣፋ እንጨት አነሣሁ።

አንድ መታሁ። ሁለት መታሁ። ቆምኩ። ግቢው ጸጥ አለ። መዳፌን ሞዞው ላይ ዘርግቼ ሦስተኛውን መታሁ። እርጥብ አፈር የመታሁ ያህል ነበር። አራተኛ መታሁ፣ አምስተኛ መታሁ። በአውራ ጣቴ ዙሪያውን ዳበስኩት፤ አንድ ቦታ ላይ ከፍ ይላል። እሱን ስመታ ወዲያ ማዶው ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ ለዓይን እኩል ሆነ። ለዓይን። አውጥተህ ጣለው ተብዬ ነበር፤ ሌላ ኦይል ሲልም መደርደሪያው ላይ ነበረኝ። እኔ ግን ጎማውን አሰርኩት።

ሁሴን ከተቀመጠበት ሳይነሣ ትክ ብሎ አየኝ።

"አለቀ?" አለኝ።

"አለቀ" አልኩት።

በማግሥቱ ከሰዓት በፊት ወሬው ደረሰን። አሮጊቷ ከውጫሌ በላይ ካለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሏት ከአፈር ግንብ ጋር ተላትማለች፤ ሁሴን ደሴ ሐኪም ቤት ገብቷል፣ ቀኝ እግሩ ተቀጥቅጧል። እኔ ደሴ አልሄድኩም። መጀመሪያ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ጉሙ እንዳለ ነው፤ ዱቄቱ መንገዱ ላይ ፈሶ መሬቱና ሰማዩ አንድ ሆነዋል። ብቻዬን የግራውን ጎማ ፈታሁ። ሸራው በዘይት ርሶ ጠቁሯል። የኦይል ሲሉ አንድ ጎን ተቆልምሟል። አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

በሦስተኛው ቀን ሁሴን ዘንድ ሄድኩ። እጄን ያዘና ይተርክልኝ ጀመር። ቁልቁለቱን ሲጀምር የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ፔዳሉን ረገጠ፣ ባዶ ነው። ከመስታወቱ ፊት ጉም እንጂ መንገድ አይታይም። በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ተራራ እንዳለ ያውቃል፤ መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ግን በዚያች ሰዓት የቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋው።

"ደወል ሰማሁ" አለኝ። "የዚያ የመንገዱ ዳር ትምህርት ቤት ደወል መሆን አለበት። ሁለት ጊዜ ተመታ። ዝም አለ። ያለቀ መስሎኝ ወላሂ ልቤ ቆመ። ከዚያ አንድ ጊዜ ተመታ። በግራዬ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው በተራራው በኩል ነው፣ ወደ ድምፁ ጠመዘዝኩ። እግር ምን ይሆናል፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ግን ውለልኝ፤ ያን ደወል የደወለውን ሰው ፈልገህ አመስግንልኝ።"

ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም። ደወሉ ምን እንደሆነ ሁሴን አያውቅም፤ እኔ አልነገርኩትም፣ ሌላ የነገረውም የለም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ርእሰ መምህሩን ጠየቅኩት፤ ትምህርት ገና አልተጀመረም አለኝ። መምቻው ብረት ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ በእሱ ኪስ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ እሱ ለስብሰባ ውጫሌ ነበር። አጥር ለአጥር የሚኖሩትን አባ ይመርን ጠየቅኩ፤ እኔም ቤተሰቤም ምንም አልሰማንም፣ የሰማነው የመኪናውን ግጭት ነው አሉ። ወደ ወይራው ዛፍ ወሰዱኝ። ብረቱ በወፍራም ሽቦ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለው ሣር አልተረገጠም። ከብረቱ እስከ ቅርንጫፉ ሸረሪት አድርታበታለች፤ ጤዛው ድሩ ላይ እንዳለ ነው።

"ትወስደው እንደሆነ ውሰደው" አሉኝ አባ ይመር፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ። ልነካው እንኳ አልደፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ደሴ ሄጄ በዚያው ልክ ሌላ ብረት በቶርኖ አስቀረጽኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ትክክለኛው መሣሪያ አንድም ኦይል ሲል መትቼ አላውቅም፤ ሌላ ሰውም በእንጨት ሲመታ ካየሁ እንጨቱን ነጥቄ እወረውር ነበር፤ ግልፍተኛ ነው የሚለውን ስም ያተረፍኩት በዚህ ነው። አዲሱ ብረት ሥራውን ይሠራል። ሦስተኛው ላይ ድምፅ ይሰጣል፣ ቀለበቱም ቀጥ ይላል። ግን ግቢው ለእሱ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ሁሴን ዳግመኛ አልነዳም። ውጫሌ ባጃጅ ተራው አጠገብ ሱቅ ከፈተ፤ በክራንች ይሄዳል። ባገኘኝ ቁጥር ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ያቅፈኛል። አንተ ባትኖር አሮጊቷ ያን ያህል ዘመን ትኖር ነበር ወይ ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲያቅፈኝ ኖረ። እያንዳንዷ እቅፍ ታመኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ሳልነግረው ከሞትኩ ወይም ሳልነግረው ከሞተ ምን ይውጠኛል እያልኩ እብሰለሰል ጀመር።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ ያን የተቆለመመ ኦይል ሲል በወረቀት ጠቅልዬ ውጫሌ ሄድኩ። የደወለው ሰው ካልተገኘ ደወሉ ዘንድ ውሰደኝ ስትለኝ ኖረሃል፣ ዛሬ እንሂድ አልኩት። ባጃጁ እስከቻለ ወሰደን። ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው፣ ቢሮው ተቆልፏል። ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ እስከ አጥሩ ደርሷል። ሁሴን ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ መዳፌን ግንዱ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ቁጭ ብዬ የምናገር አልመሰለኝም።

ሁሉንም ነገርኩት። ብረቱ የማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሰጠሁት፣ በእንጨት እንደመታሁ፣ እንዳልገባ እያወቅኩ ጎማውን እንዳሰርኩ። ወረቀቱን ፈትቼ ሰጠሁት። ጆሮዬ ስላስቸገረኝ ሳልጮህበት አልቀርም። ሁሴን ቀለበቱን አንድ ጊዜ አዟዟረና ጣቱን የተቆለመመው ላይ አሳረፈ። ከዚያ እንድሰማው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"አውቅ ነበር፣ ታደሰ። ጎማዋ ላይ ተቀምጬ ሦስተኛውን ጠበቅኩ፣ አልመጣም። አለቀ ያልኩህ እኮ አላለቀም እንድትለኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"በገዛ ግቢህ፣ በሰዎችህ ፊት፣ አልገባልህም እንዴት ልበልህ? አፈርኩ።"

እንባዬ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩት የመሰለኝን እሱም ተሸክሞት ነበር፤ ያውም በአንድ እግሩ። ይቅር በለኝ አልኩት። ይቅር ብያለሁ፣ አንተም ይቅር በለኝ አለኝ።

ሌላም ነገር ሊለኝ አፉን ከፍቶ ነበር። ተወው። ራሱን ቀና አደረገና አንድ ጣቱን አነሣ። ዞሬ ብረቱን አየሁት። ነፋስ የለም፤ ሽቦው አልተነቃነቀም። እኔ የምሰማው ነገር የለም። ሁሴን ሁለተኛ ጣቱን አነሣ። ከዚያ እጁ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ፣ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነው፣ ሁለታችንም አንተነፍስም።

ሦስተኛ ጣቱን ሲያነሣ በመዳፌ ሥር መጣ። ከግንዱ ገብቶ፣ ክንዴን አልፎ፣ ጥርሴ ድረስ። ጥርት ያለ፣ ረጅም።

ሁሴን እንባውን በክንዱ ጠረገ። እኔ እጄን ከግንዱ ላይ አላነሣሁም።